25 ይመለስ ወይስ ይቅር? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድን በየዓመቱ ስለሚገለባበጥበት ነገር

ኢንተርኔት ላይ የተደረገውን ይህን ውይይት የከፈተው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ የሚኖር አባት ነው። ልጁ 11ኛ ክፍል ነው፣ ከተከላካዮቹ አንዱ ነው፣ ላይንባከር ይጫወታል። አባትየው የሚለው በአጭሩ ይኼ ነው። ድሮ አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት ከ25 በላይ አዲስ የስኮላርሺፕ ተጫዋች ማስገባት አይችልም ነበር። ያ ገደብ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ አሰልጣኞች ቡድን መገንባቱን ትተው ኮሌጅ መቀየር የፈለገ ተጫዋች ስሙን ከሚያስመዘግብበት ከትራንስፈር ፖርታል በየዓመቱ መሸመት ጀመሩ። ከሃይስኩል የሚወጣውን ልጅ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። እና 25 ይመለስ? ነገሩን ጥያቄ አስመስሎ ነው ያቀረበው፣ መልሱን ግን ከቤቱ ይዞት ነው የመጣው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ቁጥር 1፣ ቁጥር 2 የምለው የመልሶቹን ተራ ነው።)

ቁጥር 1 ከመስማማት ሌላ ያለው ነገር የለም። ሦስት የእሳት ምልክት ለጥፎ ሄደ።

ቁጥር 2 ላይ የመጣችው ሴት ግን ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘችው። አንድ ኮሌጅ ውስጥ የስፖርት ደንብ የሚከታተል ቢሮ ትሠራ እንደነበር ትናገራለች፣ አጻጻፏም ይመሰክራል። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች እየተምታቱ ነው አለች፣ በትህትና። አንደኛው በጠቅላላ ስንት ልጅ ስኮላርሺፕ ላይ ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ በ1973 105 ብሎ ጀመረ፣ በ1978 ወደ 95 አወረደው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደረጃ በደረጃ ቀንሶ 85 ላይ አቆመው። ከገደቡ በፊት ትልልቆቹ ቡድኖች የማያሰልፉትን ልጅ እንኳን ተቀናቃኝ እንዳይወስደው ብለው ያከማቹ ነበር። ሁለተኛው ቁጥር በዓመት ስንት አዲስ ልጅ ይገባል የሚለው ነው። 25 ይኼኛው ነው።

ከዚያ 25ን ምን እንዳመጣው አስረዳች። ከውይይቱ ሁሉ የተማርኩበት ክፍል ይኼ ነው። ያኔ ቡድኑ ውስጥ 18 ክፍት ቦታ አለ እንበል። አሰልጣኙ ፌብሩዋሪ ላይ 28 ልጅ ያስፈርማል። አንዳንዱ ውጤት አይመጣለትም፣ አንዳንዱ ሐሳቡን ይቀይራል ብሎ ነው። ኦገስት ሲደርስ ግን ሰነዱ ላይ 85 ስም ብቻ ነው መኖር ያለበት። ስለዚህ ሰመር ላይ ልጆች አንድ በአንድ ቢሮ ይጠራሉ። አንዱ ጉልበትህ ከእንግዲህ ለጨዋታ አይሆንም ይባላል። ትምህርቱ ይከፈልለታል፣ ከ85ቱ ግን ይወጣል። ሌላው ገና ከሃይስኩል የተመረቀ ነው፣ ሻንጣውን አዘጋጅቷል፣ ትምህርትህን ጃንዋሪ ላይ ጀምር ይባላል። ግሬይሸርት ይሉታል ይኼን። ሌላው ደግሞ ትንሽ ኮሌጅ ይፈለግለታል። በ2009 ኦሌ ሚስ የሚባለው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት 37 ልጅ አስፈርሞ አገር ጉድ አለ። ኤስኢሲ የተባለው ኮንፈረንስ (ኮንፈረንስ ማለት እርስ በርስ የሚጫወቱ ኮሌጆች ስብስብ ነው) ያኔ 28 የሚል ገደብ አወጣ፣ በ2011 ወደ 25 አወረደው። ኤንሲኤኤም በ2017 ገደቡን ራሱ ፊርማው ላይ አደረገው። እና እህታችን እንደምትለው 25 የወጣው ሃብታም ቡድን ከድሃ ቡድን እኩል እንዲሆን አይደለም። ፈርሞ የመጣ ልጅ ሰመር ላይ እንዳይባረር ነው።

ቁጥር 3 ዳላስ ነው የሚኖረው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ መሆኑን በየመልሱ ሳይጠቅስ አያልፍም። ታሪኩ ልክ ነው አለ፣ ግን ፖርታሉ ከመጣ በኋላ ያው 25 ማነቆ ሆነ። ሂሳቡን እዚያው ሠራው። 85 ልጅ አለህ። 20ው ይመረቃል ወይ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤል ይገባል። ሌላ 20 ፖርታል ገብቶ ይሄዳል። 45 ቀረህ። 25 ብታስገባ 70 ነህ። በሚቀጥለው ዓመት ይኼው ከተደገመ ወደ 55 ትወርዳለህ። ሁለት ልጅ ጉልበቱን ቢጎዳ የልምምድ ጨዋታ እንኳን በወጉ አትጫወትም። ለዚህ ነው በ2021 ለሚወጡት ምትክ እስከ 7 ተጨማሪ የተፈቀደው። በ2022 ደግሞ ገደቡ ለሁለት ዓመት ተነሳ፣ በ2023 ለዘለቄታው ቀረ። መጀመሪያ የተከፈተው የመውጫው በር ነው፣ የመግቢያው ተከትሎት ነው የመጣው ይላል። አባትየው ገልብጦ ነው የያዘው። እኔም እዚህ ላይ ከዳላሱ ጋር ነኝ። ሰው እንደልቡ እየወጣ መግቢያውን በ25 መዝጋት አያስኬድም።

ቁጥር 4 አባትየው ተመለሰ። ቁጥሮቹን ተቀበለና ኮሎራዶን አነሳ። በ2022 መጨረሻ አዲሱ አሰልጣኝ ዲዮን ሳንደርስ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ቦልደር ሲመጣ ከተጫዋቾቹ ጋር ያደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ በቪዲዮ ወጥቶ ነበር። ፖርታል ግቡ፣ እኔ የራሴን ሻንጣ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ሻንጣዬም ሉዊ ቪቶን ነው ዓይነት ንግግር፣ ሻንጣ ያለው የራሱን ተጫዋቾች ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ሜዳ ሲገባ ከ80 በላይ አዲስ ፊት ነበር። ይኼ ግንባታ ነው ወይ ይላል አባትየው። የሰፈር ቡድን እንኳን እንዲህ አይበተንም።

ቁጥር 5 የዴንቨር ወጣት ነው። ጋሼ ብሎ ጀምሮ ነው የዘለፈው። ያ ቡድን 12 ተጫውቶ 11 የተሸነፈ ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ማንን ነበር የሚያስቀሩት ጋሼ፣ ጨዋታውንስ አይተውት ያውቃሉ ወይ ዓይነት። በ2023 4 ለ8 (4 አሸንፈው 8 ተሸንፈው ማለት ነው)፣ በ2024 9 ለ4 ወጡ፣ ተጫዋቻቸው ትራቪስ ሀንተርም የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ሃይዝማንን ወሰደ ብሎ ዘጋ። ቁጥር 6 ያከለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የ2025ንም ጻፈው እንጂ፣ 3 ለ9። ቁጥር 7 ያው ወጣት ተመልሶ አንድ ሲዝን ምንም አያሳይም አለ። በአንድ ሲዝን ሃይዝማን ሲመጻደቅ የነበረው እሱ ራሱ ነው። ከዚህ በኋላ ጨዋነቱ ላላ።

ቁጥር 8 ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት ናት። ስለ ወንድሟ ልጅ ጻፈች። የኮሌጁን ስም አልጠራችም። ልጁ የመጀመሪያ ዓመቱን ጨርሶ ነበር። ዲሴምበር ላይ አሰልጣኙ ለቆ ሌላ መጣ። አዲሱ ሰውዬ በየተራ አስጠራቸው፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ። ልጁ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ስሞች የተደረደሩበት ወረቀት አየ። በእሱ ስም አጠገብ ትንሽ ምልክት ነበረች። ስኮላርሺፕህን አልነካም፣ እዚህ ግን አትጫወትም ተባለ። እናቱ እስከ ዛሬ ድረስ ያን ቀን ተባረረ ነው የምትለው፣ ወረቀቱ ላይ ግን በራሱ ፈቃድ ፖርታል ገባ ነው የሚለው። ሌላ ግዛት ቡድን አገኘ። እዚያ ሲደርስ ከተማራቸው ኮርሶች ውስጥ አራቱ ለዲግሪህ አይቆጠሩም ተባለ። ሴትየዋ የፉትቦሉ ነገር ለራሱ ለልጁ ይሁን፣ እኛን የሚያንገበግበን ትምህርቱ ነው ብላ ጨረሰች።

ቁጥር 9 አይዞሽ ብሎ አለፈ።

ቁጥር 10 የውይይቱ ኃይለኛ ሰው ነው፣ የሚጽፈውም ከአትላንታ ነው። ለቅሶ ይብቃ አለ፣ ሴትየዋ ገና ሳታርፍ። በእሱ አባባል ድሮ ልጁ ነበር የታሰረው። ኮሌጅ ከቀየረ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። አሰልጣኙ ግን ኮንትራቱን አፍርሶ በማግስቱ ሌላ ቡድን ያሰለጥናል። ቢባረርም አይጎዳም። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ለማሰናበት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማምቷል። ፖርታሉ በኦክቶበር 2018 ተከፈተ፣ በ2021 አንድ ጊዜ ሳይቀመጡ መዛወር ተፈቀደ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በኤፕሪል 2024 ትምህርቱን በደንብ የያዘ ልጅ የፈለገውን ያህል ይዛወር ተባለ። በጁላይ 2021 ደግሞ ልጁ በስሙና በምስሉ ገንዘብ እንዲያገኝ ተፈቀደ። እና የመንቀሳቀስ መብት አገኘ ተብሎ የሚያለቅስ ሰው የማን ወገን ነው ይላል። አነጋገሩ ይጎረብጣል። ግን የተናገረው ሐሰት አይደለም። ችግሩ የሲልቨር ስፕሪንጓን ሴት አለመስማቱ ነው። የእሷ ልጅ በመብቱ አልተንቀሳቀሰም፣ ገፍተው ነው ያስወጡት።

ቁጥር 11 ይህንኑ ነገረው፣ ትንሽ በጥፊ መልክ። ቁጥር 12ን አወያዩ አጥፍቶታል፣ ምን እንደነበር ከቁጥር 13 ቁጣ መገመት ይቻላል።

ቁጥር 14 ሕግ የሚማር ልጅ ይመስለኛል። ሁላችሁም ስለሞተ ደንብ ነው የምትጨቃጨቁት አለ። ጁን 6፣ 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የሃውስን ስምምነት፣ ማለትም አትሌቶች ኤንሲኤኤን ከስሰው የደረሱበትን ስምምነት አጽድቀዋል። ከዚያ ወዲህ 85 የሚባለው የኤንሲኤኤ የስኮላርሺፕ ጣሪያ ስምምነቱ ውስጥ ለገቡት ኮሌጆች የለም። በምትኩ ቡድኑ ውስጥ በጠቅላላ 105 ሰው ነው የሚኖረው፣ ስኮላርሺፕ ያለውም የሌለውም ተደምሮ። ኮሌጁ ለአትሌቶቹ በቀጥታ መክፈል ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለሁሉም ስፖርት በጠቅላላ ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኤስኢሲ ለ2025 በራሱ ውሳኔ 85 ላይ ቆየ እንጂ ማንም አላስገደደውም። ስኮላርሺፕ በዛ ብላችሁ እንዳትደሰቱ ይላል። ድሮ ብዙ ቡድኖች ከ85ቱ በላይ 30 እና 40 ዋክኦን ይይዙ ነበር፣ ማለትም በራሱ ወጪ የሚማር፣ ማንም ያልመለመለው፣ ግን በየቀኑ ልምምድ የሚመጣ ልጅ። 105 ላይ በሩ ሲዘጋ የተቆረጠው እሱ ነው። ዳኛዋ ራሳቸው ኤፕሪል ላይ አልፈርምም ያሉት በዚህ ነገር ነበር። በኋላ የተቆረጡት ልጆች ከ105ቱ ሳይቆጠሩ መመለስ ይችላሉ የሚል አንቀጽ ገባ። ይችላሉ ነው እንግዲህ የሚለው። አሰልጣኙ መልሶ እንዲወስዳቸው አይገደድም።

ይኼ መልስ ሁሉንም ዝም ያሰኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ሌላ ወሬ ነው የከፈተው። ቁጥር 15 ቤከር ሜይፊልድን ጠቀሰ፣ ሁለት ኮሌጅ በዋክኦን ገብቶ በ2017 ሃይዝማን የወሰደውን። ቁጥር 16 ጄ ጄ ዋትን ጨመረ፣ ስኮላርሺፑን ትቶ ዊስኮንሲን በዋክኦን የሄደውን። ቁጥር 17 ስቴትሰን ቤኔትን፣ ጆርጂያን ሁለት ጊዜ ተከታታይ ሻምፒዮን ያደረገውን። ከዚያ ስም መደርደር ሆነ። የሲልቨር ስፕሪንጓ ሴት አንድ ጊዜ ገብታ እነዚህ ሦስት ናቸው፣ የቀሩት የት ደረሱ ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም።

ቁጥር 19 አዲስ አበባ ነው ያለው። ለምን እንደገባ አላውቅም፣ ግን ጥሩ አደረገ። የኛ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ይኼ ድሮም ያለ ነገር ነው አለ። ኮንትራቱ አንድ ወይ ሁለት ዓመት ነው፣ ክረምት ሲመጣ ግማሹ ቡድን ይበተናል፣ ደጋፊው አዲሶቹን ስም እስኪለምድ ሲዝኑ ይጋመሳል። በ2019 ክለቦቹ የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ትርፉ በጓዳ ይከፈላል ሲባል ነበር ይላል። ጣሪያ ሲመታ ገንዘብ ጓዳ ይገባል፣ አሜሪካም ያው ነው የሚል ነገር ነው። ከዚያ ምን ይሆናል? የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊዎች ተገናኙ። ቁጥር 20፣ 21 እና 22 ከኮሌጅ ፉትቦል ጋር አይተዋወቁም። አወያዩ ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለ። ቁጥር 23 በቡና አንድ ተጨማሪ ነገር ተናግሮ ነው የተመለሰው።

ቁጥር 24 አንድ ፔንሲልቬንያ የኖሩ አዛውንት ናቸው፣ ሁሉም አንቱ ነው የሚላቸው። እስኪ ገደብ ቅጣት ሆኖ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ እዩ አሉ። በ2010 ዩኤስሲ የሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ በሦስት ዓመት ውስጥ 30 ስኮላርሺፕ ተቀነሰበት። በ2012 የፔንሲልቬንያው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ65 በላይ እንዳይይዝ፣ በዓመትም ከ15 በላይ እንዳያስገባ ተወሰነበት። በዚያ ላይ ደግሞ ተጫዋቾቹ አንድ ዓመት ሳይቀመጡ ወደፈለጉበት እንዲሄዱ ተፈቀደ። ማለትም የዛሬው ፖርታል ያኔ ለአንድ ኮሌጅ እንደ ቅጣት ነበር የተሰጠው። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ዋና ተጫዋቻቸው ሳይላስ ሬድ ወደ ዩኤስሲ ሄደ። የቀሩት ግን ያን ዓመት 8 ለ4 ወጡ። አዛውንቱ የቀሩትን ልጆች ነው የሚያስታውሱት። ከዚህ በኋላ ሦስት ሰው ጻፈ፣ ከዳላሱ በስተቀር ሁሉም አመሰገናቸው። እሱ ቴክሳስን አስገባ።

ቁጥር 28 መልሶ ወደ ክርክሩ ገባ። መገለባበጥ ብቻውን አያሸንፍም፣ ብቻውንም አያፈርስም ባይ ነው። አሰልጣኙ ከርት ሲግኔቲ ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲን ለቆ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ 13 ልጅ ይዞ ሄደ፣ 3 ለ9 የነበረው ቡድን በ2024 11 ለ2 ወጣ። ያዛወራቸው ልጆች የእሱን ጨዋታ የሚያውቁ ነበሩ። ፍሎሪዳ ስቴት በ2023 ሲዝኑን ከነኮንፈረንስ ዋንጫው 13 ለ0 ጨረሰ፣ የወጡትን ከፖርታል ተካና በ2024 2 ለ10 ሆነ። ክሌምሰን ደግሞ በ2024 ከፖርታል አንድም ሰው ሳይወስድ የኮንፈረንሱን፣ የኤሲሲን ዋንጫ በላ። ስለዚህ ከየትም ይምጣ፣ የያዛቸውን ልጆች የሚያውቅ አሰልጣኝ ይሻላል ይላል። የአትላንታው ሰውዬ እንኳን ይኼን ወደደው።

ቁጥር 30 አባትየው እንደገና ብቅ አለ። በዚህ ጊዜ ክርክር አላመጣም። እሺ፣ ልጄን የሚፈልጉ ሁለት ኮሌጆች አሉ፣ አሰልጣኙን ምን ልጠይቀው አለ። ከመጀመሪያውም ይኼን ብሎ ቢጀምር ቡናና ጊዮርጊስ ባልተጣሉ።

ቁጥር 31 ያቺው የደንብ ቢሮዋ ሴት ናት። በ2015 ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች በስፖርት ብቃት ምክንያት ስኮላርሺፕ እንዳይነጠቅ ወስነዋል፣ ግን ስኮላርሺፕ መያዝና ቡድን ውስጥ መሆን አንድ አይደለም አለች። አሮጌው የፊርማ ሰነድ በኦክቶበር 2024 ስለቀረ አሁን ልጁ የሚፈርመው የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ነው፣ ክፍያ ካለም የክፍያ ኮንትራት። ሁለቱን ለየብቻ አንብቡ። ለአንድ ዓመት ነው ለአራት? አሰልጣኙ ጥሎ ቢሄድስ? በ105ቱ ውስጥ ስንት ላይንባከር ለመያዝ አስባችኋል፣ ከእነሱ ስንቱ ከሃይስኩል የመጣ ነው? ከሁሉ በላይ ግን ካላንደሩን እዩ አለች። ሃይስኩል ያለው ልጅ የሚፈርመው ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ፖርታሉ የሚከፈተው ደግሞ ጃንዋሪ ላይ ነው፣ በ2026 ከ2 እስከ 16። የኤፕሪሉ መስኮት ቀርቷል። ልጅህ ሲፈርም አሰልጣኙ ማን እንደሚወጣና ማን እንደሚገባ ገና አያውቅም። ዲሴምበር ላይ የተነገረህን ቦታ ጃንዋሪ 17 ደውለህ እንደገና ጠይቅ።

ይኼ ካላንደር ከ25ም ከ105ም በላይ ነው የከነከነኝ። ሠላሳ ጊዜ ስለ ቁጥሮች ተከራክረን ስለ ቅደም ተከተሉ አንድ ሰው ነው ያነሳው።

ዳላስ ቁጥር 32 ላይ ዲሴምበርን ወደ ፌብሩዋሪ መልሱት የሚል ሐሳብ አመጣ። አትላንታ የለም፣ ያኔ ደግሞ ለሃይስኩሉ ልጅ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም፣ ፖርታሉ ይሞላዋል አለ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰዳደቡ ተለያዩ።

የመጨረሻው መልስ ለሲልቨር ስፕሪንጓ ሴት የተጻፈ ነው። አራቱ ኮርሶች እንዲቆጠሩ ልጁ የየኮርሱን ዝርዝር (ሲላበስ የሚሉትን) ከድሮ ኮሌጁ አስልኮ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ራሱ በጽሑፍ ይግባኝ ይበል ይላል፣ የስፖርት ቢሮው እስኪያደርግለት አይጠብቅ። ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ሁለት ሦስቱ ይመለሳሉ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይጀምር። ሴትየዋ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ አለች።